ሁለተኛው ወረቀት

ከኋላዋ ሰባት ሰው መጣ፤ ሰባቱም ቀድመዋት ገቡ። ወርቅነሽ አንድ በአንድ ቆጥራቸዋለች፤ ፊደል ባትቆጥር ሰው መቁጠር የሚከለክላት የለም። ላፕቶፕ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ገባ። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ሴቶች ገቡ። ቬንትሌተር ሊጠግን የመጣ ሰውዬ መሰላሉን እንደተሸከመ ገባ። አንዱማ እንዲያውም ቢሮ ተሳስቶ የመጣ ነበር፤ እሱ እንኳ፣ የተሳሳተው እንኳ፣ ገብቶ፣ መሳሳቱ ተነግሮት፣ «ይቅርታ» ተብሎ ወጣ። እሷ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሳችም። የተነሳው ጥላው ነው። መጀመሪያ እግሯን ለቀቀ፣ ከዚያ ጉልበቷን፤ አሁን ፀሐዩ ጭኗ ላይ እንደ ጋለ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ማዘር፣ አስተባባሪው ስብሰባ ላይ ነው ብዬሻለሁ እኮ» አለቻት የግቢው ጥበቃ አቻን፣ በሁለት ጣቷ ሸሚዟን ከደረቷ እያላቀቀች። «ቤት ሄደሽ ለምን አትመጪም?»

«የቤቴን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። እንደገና ምን ልሄድ?»

«እሺ ለእኔ ንገሪኝ። ሲወጣ እነግረዋለሁ።»

«አንቺ ስትነግሪው ‹አንዲት አሮጊት በር ላይ አለች› ሆኜ ነው የምገባው። እኔ ራሴ ነኝ የምገባው።»

አቻን ሳቀች። «አፍሽ ከዚህ ሙቀት ይብሳል!»

ወርቅነሽ አልተቀየመችም። አቻን አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንቺና አንተ ነው የምትለው። ዞር ብላም ከራሷ ጆግ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። እውስጥ ያሉት ግን ሁሉም አንቱ ይሏታል። አንቱታውማ ሞልቷል። ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ፣ «ደህና አደሩ እማማ» ይላሉ፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ከአምስት ሳምንት በፊት እንዲህ አልነበረም። ያኔ ራሳቸው ነበሩ የመጡት፤ አጥሯን አንኳኩተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ቃጥተው። በተማሪ ቤት ያሉ ልጆች የልባቸውን ጭንቀት በጽሑፍ የሚገልጹበት መጠይቅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ እኛ የመጣነው በትክክል ይሠራ እንደሆነ ልንፈትነው ነው አሏት። ቤቷ የተከራየችው ኛሪየክ ወላጆቿ ሩቅ ስለሆኑ የምትፈቅድላት አሳዳሪዋ ናት አሏት። ወርቅነሽም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ያን ዕለት ጣቷ በቅቶ ነበር፤ አፏ ዛሬ አልበቃም።

ኛሪየክ ልጇ አይደለችም። ከድንበሩ አጠገብ ካለች ቀበሌ ስምንተኛ ክፍል ልትማር መጥታ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ወርቅነሽ በሰባ ሰባት የሠፈራ ዘመን ከወሎ ወደ አቦቦ፣ ኋላም ወደዚህ ከተማ ከመጣች ወዲህ ብዙ ልጅ ደጇን ረግጦ አልፏል፤ የኑዌሩም፣ የአኙዋውም፣ የደገኛውም። እንደዚች ያለ ዝም ያለ ልጅ ግን አላየችም። ባለፈው በጋ ድንበር ተሻግረው የመጡ ከብት ዘራፊዎች ከነላሞቹ የስድስት ዓመት ወንድሟን ወስደውባታል። ስትጠብቀው የነበረችው እሷ ናት። ይህን የነገረቻት ልጅቷ አይደለችም፤ እናቷ ናት፣ አንዴ መጥታ፣ በእጇ ቁመቱን ከመሬት እየለካች። ልጅቷማ ትማራለች፣ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች። አትናገርም፣ አትበላም።

ያ ወረቀት ከተሞላ በኋላ ግን ሩሐማ የምትባል ነርስ በየረቡዑ መምጣት ጀመረች። ማንጎው ሥር ሁለቱ ይቀመጣሉ። ወርቅነሽ ሰሚ መስላ እንዳትታይ ርቃ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ አንድ ቃል ግን አልሰማችም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። በሁለተኛው ረቡዕ ማግስት ልጅቷ የቀረበላትን ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች። በሦስተኛው ዶሮዋ ባልዲ ውስጥ ስትገባ ስቃለች። ወርቅነሽ ሳቋን ስትሰማ መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ መስሏት ነበር።

ከዚያ ሩሐማ ቀረች። አንድ ረቡዕ፣ ሁለት ረቡዕ። ልጅቷ በሁለቱም ቀን ማንጎው ሥር ጠርጋ፣ ሁለት በርጩማ አውጥታ ጠበቀች፤ ሲመሽም ሁለቱንም መልሳ አስገባች። ትናንትና ደግሞ እናቷ የሰጠቻትን የአንገት ዶቃ ፈትታ ለጎረቤቷ ለጣቢታ ልጅ አሠረችላት። ጣቢታ ደስ ብሏት ልታሳያት መጣች። ወርቅነሽ ዶቃውን ስታይ የድሮ ነገር ታወሳት። በአቦቦ የሠፈራ ጣቢያ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ጎረቤቷ ነጠላዋን፣ ማበጠሪያዋን፣ ድስቷን ለሰው ስትሰጥ አይታለች፤ ደግ ሴት ብለው ነበር ያመሰገኗት። ሴትዮዋ በሳምንቱ እንዴት እንደሞተች ወርቅነሽ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ የጥናቱ አስተባባሪ አብኔር ወጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዐይኑ ሥር እንደ ሽማግሌ ጠቁሯል። «እማማ ወርቅነሽ! እስካሁን እዚህ ነዎት እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይግቡ።»

ገባች። ክፍሉ በካርቶን ተሞልቷል፤ በየካርቶኑ ወረቀት። ቬንትሌተሩ ተጠግኖ ኖሮ የወረቀቱን ዳር ዳር ያርገበግባል።

«ሩሐማ ለምን ቀረች?» አለች፣ ሳትቀመጥ።

አብኔር በረጅሙ ተነፈሰ። የደከመ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አይታለች፤ ይኸው ደግሞ የበለጠ አናደዳት። ክፉውን ሰው መስደብ ይቀል ነበር።

«መጠይቁ በትክክል ይለካ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ነው የምናስሞላው» አላት። «በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ያንኑ ወረቀት፣ ለእነዚያው ልጆች። መልሱ ከተቀራረበ መጠይቁ ጤነኛ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሠላሳ አንድ ልጆች የመጨረሻውን ጥያቄ ከፍ አድርገው ሞሉ። ደነገጥን፤ ሩሐማን መደብንላቸው። በሁለተኛው ዙር ግን ሦስት ብቻ ሆኑ። ሃያ ስምንት ልጅ በሁለት ሳምንት አይድንም፣ እማማ። የታመመው ጥያቄው ነው። ትርጉሙ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

«ምን ይላል ጥያቄው?»

አንድ ወረቀት አነሳና አነበበላት። «‹ባልኖር ይሻለኝ ነበር የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል።› ከዚያ አራት ሳጥን አለ። በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ ብዙ ቀን፣ በየቀኑ።»

«ይኼ ምኑ ነው የማይገባው? ለእኔ ለደንቆሮዋ ገብቶኛል።»

«ለእርስዎ ይገባል። ለልጆች ግን…»

«ልጅ ከሆነች ሞት አይገባትም?»

አብኔር ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰ። «የኛሪየክን ሁለተኛ ወረቀት አይቼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ‹በፍጹም› ነው ያለችው። ደህና ነኝ እያለች ነው፤ በራሷ እጅ።»

«እኔ አብሬያት ነው የምኖረው። ደህና አይደለችም።»

«አምንዎታለሁ፤ ግን መጠይቁ ልጁ ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው። የሌላ ሰው ቃል አይገባበትም። አሁን ወረቀቱን ሁሉ አዲስ አበባ ልከን ትርጉሙ እስኪታረም ክትትሉ ቆሟል። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ሆኖ ነው እንጂ…»

«የባለሙያ ጉዳይ» ብላ ደገመችለት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አቻን «አገኘሽው?» ስትላት እጇን ብቻ አወዛወዘች።

ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ለባጃጅ የሚሆን ሳንቲም ሳታጣ፣ ንዴቷ አላስቀምጥ ብሏት ነው። ባሮ ወንዝ ጎድሎ አሸዋው በየቦታው ወጥቷል፤ ሴቶች ጀሪካን እየሞሉ፣ ወጣቶች መኪና እያጠቡ። እየሄደች የሰውየውን ቃል ታመነዥካለች። በራሷ እጅ። በራሷ እጅ ብሎኛል። ልጅቷ ዋሽታ ይሆን? ኛሪየክ ውሸት አታውቅም። ዝምታ ነው የምታውቀው። ወይስ በእርግጥ ድና፣ እኔ አሮጊቷ ጥላ እያየሁ ነው? ይኸኛው ሐሳብ ከፀሐዩ ይልቅ አደከማት።

ኛሪየክ ከጠዋቱ ፈረቃ ተመልሳ ዩኒፎርሟን ታጥባለች። ያላት አንድ ነው፤ በየቀኑ ታጥቦ በየቀኑ ይደርቃል። ወርቅነሽ ባልዲው አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ወረቀት እንዴት ነበር የሞላሽው?»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «የትኛውን?»

«ሁለተኛውን።»

«አርሜዋለሁ።»

«ምን ማለት ነው አረምሽው?»

ኛሪየክ ሳሙናውን አስቀመጠች። አማርኛዋ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ይዞ የሚያስቀምጥ ነው። «መጀመሪያ የሞላን ጊዜ ዳር ባለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረግነውን ልጆች በስም ጠሩን። ክፍል ፊት። ነርሷ ጋ ግቡ አሉን። የወደቀ ልጅ ነው እንደዚያ የሚጠራው፣ እማማ። ልጆቹ ‹ወዳቂዎች› አሉን። ከዚያ ያው ወረቀት እንደገና ይመጣል ተባለ። ድጋሚ ፈተና ለወደቀ ነው የሚሰጠው። ማቻር አለ፣ አንደኛ የሚወጣው፤ እሱ መልሱን ነገረን። የመጀመሪያው ሳጥን ነው፣ ሁሉም የመጀመሪያው ሳጥን ነው አለ። ለሁሉም ነገረ። ሁላችንም እሱን አደረግን።»

ወርቅነሽ ማቻርን ታውቀዋለች፤ አጥሯን ዘሎ ማንጎ የሚያወርድ፣ ሲያዝም ስንቱን እንደወሰደ በትክክል የሚናገር ልጅ ነው። አየችው እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በደግነት፣ ለጓደኞቹ መልስ ሲያቀብል። አየቻቸው ልጆቹን ሁሉ፣ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ የልባቸውን ነገር አንዱ ከሌላው ሲኮርጅ።

«ማቻር ቢነግርሽስ? አንቺ የራስሽን ለምን አልተውሽውም?»

ልጅቷ አሁን ቀና አለች። ዐይኗ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ይኸው ነው ያሳመመው። «አንቺም ብለሽኛል።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ጫማዬን ሳስር። ያን ወረቀት ዛሬ እንደገና ሊሰጡን ነው አልኩሽ። ምን አበላሽተሽ ነው አልሽኝ። ዛሬ አስተካክለሽ ሙዪ፣ ከኔ ቤት የወደቀ ልጅ አይወጣም አልሽኝ።»

ብላ ነበር። ወርቅነሽ ቃሏን አወቀችው፤ የራሷ ድምፅ ነው፤ የራሷ ኩራት ነው። እድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት በደጅ ያየች ሴት፣ የሰው ልጅ አሳድራ፣ በሰው ልጅ ደብተር ስትኩራራ የኖረች። እንደገና የሚለውን ስትሰማ ቀድሞ የታያት የራሷ ውርደት ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሚጠይቅ እንኳ አልጠየቀችም።

«ሩሐማም ለዚያ ነው የቀረችው» አለች ኛሪየክ፣ ወደ ባልዲው ተመልሳ። «አልፌያለሁ። ያለፈ ሰው ጋ አይመጣም።»

«ልጄ።» ወርቅነሽ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እርጥብ ክንድ ያዘች። ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችው፤ ለስላሳ መያዝ አታውቅበትም። «የትኛው ነው እውነቱ?»

ከባልዲው ጠርዝ አረፋ እየተንሸራተተ ወረደ። ወርቅነሽ አልቸኮለችም፤ ይህን መልስ ሌላ ሰው እንዲያቀብላት አልፈለገችም።

«የበፊቱ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም።»

ወርቅነሽ ራሷን ነቀነቀች። «አላለፍሽም፣ አልወደቅሽም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ይህን ቃል ከእሷ የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ጣቢታን ተጣርታ አስመጣቻትና ነገሩን ሳትሸፋፍን በጆሮዋ ነገረቻት። ጣቢታ ጎመኗን ይዛ መጥታ ልጅቷ ጎን ተቀመጠች። «ከአጠገቧ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለቻት ወርቅነሽ። «እስክመጣ ውሃ እንኳ ብትቀጂ አብረሽ።»

አሁን ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩ «የት ነው እማማ?» ሲላት «በስህተት የሚገባ ሰው ሁሉ የሚገባበት ቢሮ» አለችውና ስትረጋጋ በትክክል ነገረችው።

አቻን በሩ ላይ ቆማ ፊቷን አየችና ከመንገዷ ዞር አለች። ወርቅነሽ በረንዳውን አልፋ፣ አግዳሚውን አልፋ፣ ሳታንኳኳ ገባች።

አብኔር ካርቶኖቹን በፕላስተር እያሸገ ነበር። ሩሐማ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ፣ ከሙቀቱ ብዛት ጫማዋን አውልቃ፣ የልጆቹን ስም በዝርዝር ላይ እየሰረዘች። ሁለቱም ቀና አሉ።

«ቃሉ ምንም አላጠፋም» አለች ወርቅነሽ። «ጥያቄው ገብቷቸዋል፤ ከአንተ ይልቅ ገብቷቸዋል። ፈተና መስሏቸው ነው። የወደቁ መስሏቸው ነው። አንደኛ የሚወጣው ልጅ መልሱን አቀበላቸው፤ ኮረጁት።»

አብኔር የያዘው ፕላስተር ተጣብቆ ጣቱ ላይ ቀረ።

ሁሉንም ነገረችው። በስም መጠራቱን፣ «ወዳቂዎች» መባላቸውን፣ ድጋሚውን፣ የመጀመሪያውን ሳጥን። ስትጨርስ ቆም አለች። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አያውቅባትም ነበር። «የእኔዋ ደግሞ ማቻርን ብቻ ሰምታ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ አስተካክለሽ ሙዪ ያልኳት። ከኔ ቤት የወደቀ አይወጣም ብያታለሁ። ይኼንንም ጻፈው።»

ሩሐማ ብዕሯን አስቀመጠች። አብኔር አንዱን ካርቶን ቀዶ ከፈተና ወረቀቶቹን እያወጣ ያይ ጀመር፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን። በየወረቀቱ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ላይ ምልክቱ ከላይ እስከ ታች እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል። ይህን ስንት ጊዜ አይቶት ይሆን? አይቶ ቁጥር አድርጎት ነበር።

«ከመስጠታችን በፊት ትክክልና ስህተት መልስ የለውም ብለን ማንበብ ነበረብን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መመሪያው ላይ አለ። መምህሩ ያነበበው መስሎኝ…» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ዛሬውኑ ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ። ፈቃድ ሳይመጣ ልጆቹን እንደገና መጠየቅ ግን አልችልም፣ እማማ። ሰኞ ምናልባት። ቢዘገይ ማክሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ሩሐማ፣ ለማንም ሳትል።

«አውቃለሁ ሐሙስ መሆኑን።»

«ዶቃዋን ለሰው ሰጥታለች» አለች ወርቅነሽ።

ሩሐማ ቀና ብላ አየቻት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቅ መሆኗ ፊቷ ላይ ታየ፤ እግሯ ጫማውን በጭፍን ይፈልግ ጀመር። አብኔር ግን ገና ወረቀቱን እንደያዘ ነበር፤ ከሁለቱ ሴቶች ወደ ካርቶኑ፣ ከካርቶኑ ወደ ስልኩ ያያል።

ወርቅነሽ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከእጁ ላይ ወረቀቱን ወሰደችና፣ ላይና ታቹን ሳታውቀው፣ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ለአዲስ አበባ የፈለግህ ቀን ጻፍ» አለችው። «እኔ ጠይቃት አላልኩህም፤ እስካሁን የጠየቃችኋት ይበቃታል። ሄደህ ንገራት ነው የምልህ። የመጀመሪያው መልስሽ ልክ ነበር በላት። የተሳሳትነው እኛ ነን በላት፣ የተማርከው ሰውዬ በራስህ አፍ። ይቺ ሩሐማ ትቀመጣለች፣ ታዋራታለች፣ እሱን እሷ ታውቅበታለች። ልክ ነበርሽ የሚለውን ግን ከእኔ አትቀበለኝም፤ እኔማ ቀድሜ አሳስቻታለሁ። ከአንተ መስማት አለባት፤ አሁን፣ ዛሬ። ባጃጁ ውጭ ቆሟል። ተነስ።»